የሐኪሙ ድርሻና የካህኑ ድርሻ፦ ስለ ኤሚሊ ሮዝ ፊልምና ስለ አሻፈንቡርግ ችሎት

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ለእይታ ስለበቃውና «ዘ ኤክሶርሲዝም ኦፍ ኤሚሊ ሮዝ» ስለተሰኘው ፊልም ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ። ፊልሙን ያዘጋጀው ስኮት ዴሪክሰን ሲሆን ድርሰቱን ከፖል ሃሪስ ቦርድማን ጋር በጋራ ጽፎታል። ታሪኩ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ርኩስ መንፈስ ይዟታል የተባለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አጋንንት የማስወጣት ጸሎት ከተደረገላት በኋላ ቤተሰቦቿ ቤት ውስጥ ሞታለች፤ ጸሎቱን የመሩት ካቶሊካዊ ካህን፣ አባ ሙር፣ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል ተከሰዋል፤ ፊልሙም ከዚያ ወዲያ አብዛኛውን ጊዜውን በችሎት ውስጥ ያሳልፋል። ከፊልሙ ጀርባ ያለው ደግሞ በ1970ዎቹ በምዕራብ ጀርመን የደረሰ እውነተኛ ሞትና በዚያው፣ በአሻፈንቡርግ ከተማ፣ የተካሄደ እውነተኛ የፍርድ ሂደት ነው።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ነገር አንድ ነው። ፊልሙ የልጅቱን ሞት በእምነትና በሕክምና መካከል የተደረገ ምርጫ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ተመልካቹም ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ይጋብዘዋል። ጉዳዩን በእርግጥ የመረመረው የጀርመን ፍርድ ቤት ግን እንዲህ ያለ ምርጫ ለማንም አላቀረበም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ካህናቱ ልጅቱ ላይ ያነበቡት የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ መጽሐፍም እንዲህ ያለ ምርጫ አያውቅም። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ማየት ይኖርብናል፤ ምክንያቱም አሠራሩ በጣም ብልህ ነው፣ ብልሃቱም በቀላሉ ያሳምናል።

አስፈሪ ፊልም ብዙውን ጊዜ ወደፊት ይሄዳል። ተመልካቹ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያለ ይሰጋል። ዴሪክሰን ይህን ስጋት ከመጀመሪያው ነው የተወው፤ ኤሚሊ መሞቷን ፊልሙ ሲከፈት እናውቃለንና። ስለዚህ እሷን የምናያት በምልሰት ብቻ ነው፤ ምልሰቶቹም አብዛኞቹ የሚነሡት በችሎቱ ከሚሰጥ ቃል ነው። ሐኪሙ ይናገራል፣ የሚናገረውን እናያለን፤ ጓደኛዋ ይናገራል፣ እሱ ያየውን እናያለን፤ ካህኑ ይናገራሉ፣ አጋንንት የማስወጣቱ ጸሎት በተደረገባት ሌሊት በጎተራው ውስጥ የሆነውን እናያለን። እንዲህ ሲሆን በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁሉ የምስክርነት ቃል ይሆናል፤ የምስክርነት ቃል ደግሞ ሊታመንም ሊስተባበልም የሚችል ነገር ነው። አስፈሪውን ትዕይንት ካየን ከደቂቃዎች በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ይነሣና በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈታዋል። በእኔ አስተያየት የዚህ ፊልም ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ በዚህ ዘርፍ ይህን ያህል ርቆ የሄደ ሌላ ፊልም አላየሁም።

አንዱን ስፍራ ጠጋ ብለን እንየው። አባ ሙር አጋንንት የማስወጣቱን ጸሎት በካሴት ቀድተውታል፤ ካሴቱም በችሎቱ ይሰማል። በውስጡ የልጅቱ ድምፅ በበርካታ ቋንቋዎች፣ በጥንታውያን ልሳናት ጭምር፣ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ይመስላል። በአዳራሹ ያለው ሁሉ ይደነግጣል። ከዚያ በካምፕቤል ስኮት የሚተወነው ዐቃቤ ሕግ ኢታን ቶማስ ይነሣል። ልጅቱ በትምህርት ቤትና በሃይማኖት ትምህርት ቋንቋዎችን መማሯን ከመዝገብ ያነባል፤ የሰው ልጅ ጉሮሮ ሁለት ጥንድ የድምፅ አውታር እንዳለውና ሁለቱንም በአንድነት ማሰማት እንደሚቻል ያስረዳል። ጥያቄዎቹ አጫጭር፣ ድምፁም የተረጋጋ ነው። ለአፍታ ያህል አጋንንቱ ሁሉ ከአዳራሹ የወጡ ይመስላል። ልብ በሉ፤ ይህ ዐቃቤ ሕግ በፊልሙ ውስጥ ሃይማኖተኛ ሰው ነው። በላውራ ሊኒ የምትተወነው ተከላካይ ጠበቃ ኤሪን ብሩነር ደግሞ ስለ እግዚአብሔር መኖር እርግጠኛ ያልሆነች ሴት ናት። አማኙ በካህኑ ላይ፣ ተጠራጣሪዋ ለካህኑ ይቆማሉ። ዴሪክሰን ራሱ አማኝ ክርስቲያን ሲሆን ቦርድማን ተጠራጣሪ ነው፤ ይህ የሁለት ጸሐፊዎች ልዩነት በችሎቱ ትዕይንቶች ውስጥ ሚዛኑን የጠበቀላቸው ይመስለኛል።

ከችሎቱ ውጪ ግን ሚዛኑ ያዘነብላል። አስቀድሞ ስለ ምስሎቹ ልናገር። ሐኪሞቹ ሲመሰክሩ የምናየው ምስል አጭርና ደረቅ ነው፤ ካህኑና ጓደኛዋ ሲመሰክሩ ግን ካሜራው፣ ድምፁና ብርሃኑ ያላቸውን ኃይል ሁሉ ያፈሳሉ። ኤሚሊን የተጫወተችው ጄኒፈር ካርፔንተር በገዛ አካሏ የሠራችው ሥራ ለብቻው ሊመሰገን ይገባል። የጀርባዋ መጠማዘዝ፣ የጣቶቿ መቆልመም፣ የመንጋጋዋ መዛባት አብዛኛው የእሷው የራሷ እንቅስቃሴ እንጂ የኮምፒዩተር ጥበብ አይደለም፤ የምንፈራውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ኃይል ለአንደኛው ወገን ምስክር ብቻ ሲሰጥ፣ ሌላኛው ወገን በቃል ብቻ እንዲከራከር ተፈርዶበታል።

ሁለተኛውና የሚከብደው ነገር በጠበቃዋ ቤት የሚሆነው ነው። ኤሪን ብሩነር ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ትነቃለች፤ ኤሚሊ አሸተተችው የተባለውን የሚቃጠል ነገር ሽታ እሷም ታሸታለች። ለካህኑ ሊመሰክር የነበረው ሐኪም ቃሉን ሳይሰጥ በመኪና ተገጭቶ ይሞታል። እነዚህን ነገሮች ማንም ምስክር አልተናገራቸውም፤ ማንም መስቀለኛ ጥያቄ አያቀርብባቸውም። የሚነግረን ፊልሙ ራሱ ነው። ተመልካቹ ከዳኛዋም ሆነ ከአሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኝነትን ከሚወስኑት ሰዎች፣ የተሰወረ ማስረጃ በድብቅ ተሰጥቶታል ማለት ነው። እኔ በዚህ ቅር እሰኛለሁ፤ ምክንያቱም ፊልሙ በችሎቱ ውስጥ ያስተማረንን ሥርዓት፣ ማለትም ማንኛውም ቃል ይጠየቃል የሚለውን፣ እዚህ ላይ ራሱ ጥሶታል።

አሁን ወደ እውነተኛው ታሪክ ልለፍ።

ለኤሚሊ ታሪክ መነሻ የሆነችው አኔሊዘ ሚሸል በመስከረም 1952 በባቫሪያ ተወለደች፤ ያደገችው በማይን ወንዝ ዳር ባለችው ክሊንገንበርግ፣ ጥብቅ በሆነ ካቶሊካዊ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በ1968፣ የ16 ዓመት ልጅ ሳለች፣ የመጀመሪያው የመንዘፍዘፍ ሕመም ያዛት፤ ሐኪሞችም የሚጥል በሽታ መሆኑን ነገሯት። ለዓመታት መድኃኒት ወሰደች። በ1973 በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጀመረች። በእነዚህ ዓመታት የሚያስፈሩ ፊቶችን ማየት፣ የሚኮንኗትን ድምፆች መስማት፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀትም ተጨመረባት፤ እሷም ቤተሰቧም መድኃኒቱ ምንም አልፈየደም ከሚል ስሜት ላይ ደረሱ። በመስከረም 1975 የቩርዝቡርጉ ጳጳስ ዮሴፍ ሽታንግል አጋንንት የማስወጣቱ ሥርዓት በምስጢር እንዲፈጸም ፈቀዱ። አባ አርኖልድ ሬንትስ እና አባ ኤርንስት አልት ኃላፊነቱን ተቀበሉ። በአሥር ወራት ገደማ ውስጥ 67 ጊዜ ጸሎቱ ተካሄደ፤ ከ40 በላይ ካሴቶችም ተቀዱ። በመጨረሻዎቹ ወራት ምግብ እምቢ አለች። ሐምሌ 1 ቀን 1976 ስትሞት 23 ዓመቷ ነበር፤ ክብደቷም 31 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። የአስከሬን ምርመራው የሞቷ ምክንያት የምግብና የውኃ እጦት መሆኑን አረጋገጠ።

ችሎቱ በመጋቢት 1978 መጨረሻ በአሻፈንቡርግ ተከፈተ። ከፊልሙ የሚለየው የመጀመሪያው ነገር እዚሁ ላይ ነው፤ በተከሳሾች ወንበር የተቀመጡት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ካህናትና ሁለቱ ወላጆቿ። ፊልሙ ወላጆቹን ከክሱ አውጥቶ ካህኑን ብቻ አስቀርቷል። ለድራማ ሲባል የተደረገ መሆኑ ይገባኛል፤ ብቻውን የቆመ ሰው ከአራት ሰዎች ይልቅ ርኅራኄን ይስባል። ነገር ግን ሰው እቤቱ ውስጥ በረሃብ ሲሞት በመጀመሪያ የሚጠየቀው ከጎኑ የነበረው ሁሉ ነው፤ ማዕዱን ያቀረበችው እናት፣ አልጋው አጠገብ የተቀመጠው አባት፣ በየሳምንቱ የሚመጡት ካህናት። ይህ የጋራ ኃላፊነት በፊልሙ ውስጥ ጠፍቷል።

ሁለተኛው ልዩነት የፍርድ አሰጣጡ ነው። በአሜሪካ ጁሪው ጥፋተኛ ወይም ጥፋተኛ አይደለም ይላል፤ ለምን እንዳለ እንዲያስረዳ አይገደድም። በጀርመን ግን እንዲህ ያለው ጁሪ ከ1924 ወዲህ የለም፤ ሙያተኛ ዳኞችና ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች አንድ ላይ ተቀምጠው ይወስናሉ፤ ፍርድ ቤቱም የወሰነበትን ምክንያት በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት። ስለዚህ የአሻፈንቡርጉ ችሎት አጋንንት ስለ መኖራቸው በዝምታ ተጠራጥሮ ማለፍ አይችልም ነበር፤ ወይ ይወስን ነበር፣ ወይ ጥያቄው የእሱ አለመሆኑን ይናገር ነበር። የተከላካዮቹ ወገን በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀውን የሃይማኖት ነፃነት ጠቀሰ፤ ካሴቶቹንም በችሎቱ አሰማ። ፍርድ ቤቱ ካሴቶቹን ሰማ። የወሰነው ግን በሌላ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይህች ልጅ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለ ራሷ መወሰን ትችል ነበር ወይ? ካልቻለችስ በዙሪያዋ የነበሩት ሰዎች ሐኪም የመጥራት ግዴታ ነበረባቸው ወይ? ከሳሹ ወገን ከመሞቷ ከአንድ ሳምንት በፊት እንኳ ሐኪም ቢጠራ ኖሮ ልትድን ትችል እንደነበር ተከራከረ። አራቱም በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባሉ፤ እያንዳንዳቸው 6 ወር እስራት ተፈረደባቸው፣ ቅጣቱም በ3 ዓመት ገደብ ታገደ። ዐቃቤ ሕጉ ለካህናቱ የገንዘብ መቀጮ ብቻ፣ ለወላጆቹ ደግሞ ጥፋተኛ ከመባል በቀር ምንም ቅጣት እንዳይኖር ጠይቆ ስለነበር ፍርዱ ከተጠየቀው የከበደ ነበር።

እዚህ ላይ በመጀመሪያ ወዳነሣሁት መጽሐፍ ልመለስ። ካህናቱ የተጠቀሙበት ሥርዓት በ1614 የወጣው የሮማ ሥርዓተ ጸሎት ነው። ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ ሳያነበው የጨለማ ዘመን ቅሪት አድርጎ ይገምተዋል። በውስጡ ግን ለካህኑ የተሰጡ ጥብቅ መመሪያዎች አሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ ሰው በርኩስ መንፈስ ተይዟል ብሎ በቀላሉ እንዳያምን፣ በሕመም የሚሠቃየውን ከተያዘው ለይቶ እንዲያውቅ ያዝዘዋል። ሌላው ደግሞ ካህኑ ለታማሚው ምንም ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጥና እንዳይመክር፣ ይህን ጉዳይ ለሐኪሞች እንዲተው ያስጠነቅቀዋል። ይህ የተጻፈው ዘመናዊ የአንጎል ሕክምና የሚባል ነገር ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ጸሐፊዎቹ በአጋንንት መኖር ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም የካህኑ ድርሻ የት ላይ እንደሚያበቃና የሐኪሙ የት ላይ እንደሚጀምር ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጸሎቱ እየተደረገ ሐኪም አልጋው አጠገብ ቢቀመጥ ሥርዓቱ አይፈርስም ነበር። ከ67ቱ ጸሎቶች አንዱም ለሐኪም ሲባል መቋረጥ አያስፈልገውም ነበር።

የፊልሙ ክርክር ግን የተገነባው ሕክምናና ጸሎት አብረው ሊሄዱ አይችሉም በሚል ሐሳብ ላይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጋምቡትሮል የሚባል የፈጠራ መድኃኒት አለ፤ ተከላካዩ ወገን ያቀረባት የሥነ ሰብ ምሁር መድኃኒቱ የጸሎቱን ኃይል ስላገደው ልጅቱ መዳን አልቻለችም ብላ ትመሰክራለች። በዚህ አገላለጽ ክኒኑና ጸሎቱ ጠላቶች ይሆናሉ፤ አንዱ ካልቀረ ሌላው አይሠራም። የፊልሙ ድርሰት ይህን እንደ አንድ ምስክር ሐሳብ ብቻ ትቶት ቢሆን ባልተቃወምኩ ነበር፤ ነገር ግን የተከላካዩ ወገን ሙግት በሙሉ በዚህ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዐቃቤ ሕጉም ቢሆን የመድኃኒቱን መቋረጥ ሲያሳድድ ይውላል። አኔሊዘን የገደላት ደግሞ የክኒን መቅረት ሳይሆን ረሃብና ጥማት ነው። ረሃቡ በፊልሙ ውስጥ በቃል ይጠቀሳል እንጂ አይታይም። ዓይናችን ተጠምዶ የሚቆየው በተጠማዘዘው አካል ላይ እንጂ ከቀን ወደ ቀን በሚቀልለው አካል ላይ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ትንሽ ነገር ላንሣ፤ ከዋናው ክርክር ወጣ ያለ ቢመስልም አይደለም። በካሴቶቹ ላይ በአኔሊዘ አፍ ራሳቸውን ያስተዋወቁት መናፍስት ሉሲፈር፣ ይሁዳ፣ ቃየን፣ ኔሮን፣ ሂትለርና ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖረ ፍላይሽማን የተባለ ኃጢአተኛ የአካባቢው ካህን ነበሩ። በፊልሙ ጎተራ ውስጥ ኤሚሊ የምትጠራቸው ግን ቃየን፣ ኔሮን፣ ይሁዳ፣ ሌጌዎን፣ ቤልሆርና ሉሲፈር ናቸው። ሂትለርና የመንደሩ ካህን ወጥተዋል፤ በቦታቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ የታወቁ ስሞች ገብተዋል። ፊልም ሠሪዎቹ ለምን እንዳደረጉት መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ከጦርነቱ ፍጻሜ ከሰባት ዓመት በኋላ የተወለደች፣ በዝምታ በተሞላ አገር ያደገች የጀርመን ወጣት ልጅ ከሌሎቹ ስሞች መካከል የሂትለርን ስም መጥራቷ ስለ እሷ ብዙ የሚናገር ነገር ነበር። ስሞቹ ሲለወጡ ሕመሟ ከአገሯና ከዘመኗ ተነቅሎ የትም ሊሆን የሚችል ሆነ።

ወደ ፊልሙ መደምደሚያ ልምጣ። አባ ሙር ክሱን በድርድር እንዲጨርሱ ቀርቦላቸው እምቢ ብለዋል፤ የሚሹት የኤሚሊ ታሪክ እንዲነገር ብቻ ነው። ቶም ዊልኪንሰን ይህን ሚና የተጫወተበት ጨዋነት ፊልሙን ከፍ ያደርገዋል፤ ሰውየው አንድም ጊዜ ራሳቸውን ለማዳን ሲጣጣሩ አናይም። በመጨረሻ የኤሚሊን ደብዳቤ በችሎቱ ያነባሉ። በደብዳቤው ላይ ልጅቱ ቅድስት ድንግል ማርያም እንደተገለጠችላትና ከሥቃይዋ ልትወጣ እንደምትችል፣ ወይም ሰዎች የመንፈስን ዓለም እንዲያምኑ ስትል ልትቀበለው እንደምትችል እንደነገረቻት ጽፋለች፤ ኤሚሊም መቀበልን መርጣለች። ጁሪው ካህኑን ጥፋተኛ ይላቸዋል፤ ወዲያውም እስካሁን የታሰሩበት ጊዜ እንዲበቃቸው ሐሳብ ያቀርባል፤ ዳኛዋ ትቀበለዋለች፤ ካህኑም በነፃነት ይወጣሉ።

ይህ ደብዳቤ በፊልሙ ውስጥ በጣም የሚነካው ክፍል ነው፤ እኔ አብዝቼ የምቃወመውም እሱኑ ነው። እውነት ነው፣ አኔሊዘ ሚሸልም ሥቃይዋ ለሌሎች ኃጢአት ካሣ እንደሆነ ታምን ነበር። በፊልሙ ግን ይህ እምነት በጠራ አእምሮ፣ በጥሩ ጽሑፍ፣ በማለዳ ብርሃን የተደረገ ነፃ ምርጫ ሆኖ ቀርቧል። ምርጫው ነፃ ከሆነ ሐኪም ያልጠራው ሰው ፈቃዷን አከበረ እንጂ አልበደላትም ማለት ነው፤ ጁሪውም ርኅራኄ የሚያሳየው በዚሁ መንገድ ነው። የአሻፈንቡርጉ ችሎት የመለሰው ጥያቄ ግን ይኸው ነበር፤ 31 ኪሎ የደረሰች፣ በሕመም አእምሮዋ የታወከ ወጣት ስለ ሕይወቷ በነፃነት ልትወስን አትችልም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ሊወስንላት ይገባ ነበር። ፊልሙ ለዚህ ፍርድ የሰጠው መልስ ክርክር አይደለም። የሰጠው መልስ ውብ ምስል ነው።

በ2006 የወጣው የሃንስ ክርስቲያን ሽሚድ የጀርመን ፊልም «ሬክቪም» ይህንኑ ታሪክ ያለ ችሎትና ያለ አጋንንት ምስል ይተርከዋል፤ ዋናዋ ተዋናይት ሳንድራ ሁለር በዚያው ዓመት በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የብር ድብ ሽልማት አግኝታበታለች። የሁለቱን ፊልሞች ልዩነት ማየት የሚሻ ሰው በተከታታይ ቢያያቸው እመክራለሁ፤ በአንደኛው የምንፈራው ክፍል ውስጥ የገባውን ነገር ነው፤ በሌላኛው የምንፈራው እሷን የሚወዷት ሰዎች ቀስ በቀስ የሚያደርጉትን ነው።

በመጨረሻ ስለ ጳጳሱ። ፈቃዱን የሰጡት ጳጳስ ሽታንግል ምርመራ ቢደረግባቸውም አልተከሰሱም፤ በ1979 አረፉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1999 የ1614ቱን ሥርዓት በአዲስ ስትተካ ካህኑ እንደ አስፈላጊነቱ ከሕክምናና ከአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ጋር እንዲመክር አዝዛለች። በዴሪክሰን ፊልም ውስጥም ሀገረ ስብከቱ አለ፤ የጥብቅና ድርጅቱን የቀጠረው እሱ ነው፤ አባ ሙር እንዳይመሰክሩ የሚሻውም እሱ ነው። ጠበቃዋ ኤሪን ብሩነር በዚህ ምክንያት ከአለቆቿ ጋር ትጋጫለች፤ ሆኖም በመላው የፍርድ ሂደት ፈቃዱን የሰጠውን አካል ወደ ምስክር ወንበር የሚጠራ፣ ሲፈቅዱ ሐኪም ይኑር አይኑር ብለው ጠይቀው እንደሆነ የሚያጣራ ጠበቃም ዐቃቤ ሕግም የለም። ዴሪክሰንና ቦርድማን ለመስቀለኛ ጥያቄ የነበራቸውን ያን ሁሉ ችሎታ ይዘው ይህን አንድ ምስክር ሳይጠሩት ፊልማቸውን ዘግተዋል።